ምዕራፍ ሰባት፦ አንደበት ሳይታሰር

በምዕራፍ አምስት ሞርፊን በልኩ ሲሰጥ በሽተኛን የሚያሳርፍ እንጂ የሚገድል መድኃኒት አለመሆኑን አይተናል። በምዕራፍ ስድስት ደግሞ የመርሳት ሕመም የሰውን የመወሰን ችሎታ ቀስ በቀስ እንዴት እንደሚሸረሽር ተመልክተን አንድ ጥያቄ ሳንመልስ አለፍን። አረጋዊው ራሱ መናገር ባቃተው ቀን ስለ ገላው የሚናገርለት ማን ነው? ምንስ ብሎ ነው የሚናገርለት? ይህን ምዕራፍ ለዚያ ጥያቄ ትተነው ነበር።

አስታማሚዋ ስትጠራ

አንድ ቤተሰብ እናስብ። የ80 ዓመት እናት ድብ ባሕር ውስጥ ከሴት ልጃቸው ጋር ይኖራሉ። አንድ ማለዳ ከመኝታቸው ሊነሡ ሲሉ ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ብሎ ይወድቃሉ፤ አንደበታቸውም ይያዛል። ጎረቤት ተጠራርቶ በቃሬዛ አውራ ጎዳናው ድረስ ያወጣቸዋል። መኪና ሲገኝ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ሽቅብ ወጥተው ደባርቅ ሆስፒታል ይደርሳሉ። እዚያ ሪፈር ይጻፍላቸውና ዳባትን አልፈው፣ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ጎንደር ይገባሉ። ሲመሽ ተረኛው ሐኪም ከክፍሉ ብቅ ብሎ "የእማማ አስታማሚ ማናት?" ይላል።

ልጅቱ ትነሣለች። ሐኪሙ በትሕትና ነው የሚያናግራት። እናቷ መዋጥ ስለማይችሉ በአፍንጫ የምግብ ቱቦ ይግባላቸው ወይ? ትንፋሻቸው ከደከመ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገብተው መተንፈሻ መሣሪያ ይደረግላቸው ወይ? ልባቸው ቢቆምስ ደረታቸው ተጭኖ እንዲመለሱ ይሞከር ወይ? ልጅቱ እናቷን ለዓመታት አጥባለች፣ አጉርሳለች፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ግን በሕይወቷ ሰምታ አታውቅም። ስልክ ታነሣለች። አዲስ አበባ ያለው ወንድሟ "የሚቻለው ሁሉ ይደረግላት" ይላል። አሜሪካ ያለው ታናሽ ወንድሟ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ "ገንዘቡን እኔ እልካለሁ፤ ብቻ እንዳትሞትብኝ" ይላታል። አብረው የመጡት አጎቷ ደግሞ "አገሯ ትግባ፤ ንስሐ አባቷ ቀንዲሉን ይጸልዩላት" ብለው ይቆጣሉ።

አራቱም ይወዷቸዋል። ጥሉ የሚነሣው ከክፋት ሳይሆን ካለማወቅ ነው፤ እናቲቱ ራሳቸው ምን ይሉ እንደነበር ከአራቱ አንዱም የሚያውቅ የለም። እንዲህ ያለው ክርክር ከቀብር በኋላም አያልቅም። "አንተ ነህ ያሰቃየሃት"፣ "አንቺ ነሽ ቶሎ ተስፋ የቆረጥሽባት" እየተባባሉ ወንድምና እህት ዓመታት ይኮራረፋሉ።

ወደ ቆላ የሚወርድ ሰው

የዚህ ምዕራፍ ሐሳብ አንድ ነው። አንድ ሰው ጤናውና ልቡናው በእጁ ሳለ፣ በኋላ መናገር ቢያቅተው ማን እንዲናገርለትና ምን እንዲጠበቅለት እንደሚሻ አስቀድሞ ቃሉን ይሰጣል። በዚህ መጽሐፍ "የሕክምና አደራ" እያልን እንጠራዋለን።

ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ የሚመጣበት ረጅም ቅጽ ነው፤ ይህ በሽታ ቢመጣ ይህ ይደረግ፣ ያ ቢመጣ ያ ይቅር እያለ የሚዘረዝር። እንዲህ ያለ ዝርዝር ብቻውን አይበቃም፤ በሽታ ተዘርዝሮ አያልቅምና። የደጋ ገበሬ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ወይም ወደ ሁመራ ሲወርድ ቤቱን ለወንድሙ እንዴት አደራ እንደሚሰጥ እናስታውስ። ሊደርስ የሚችለውን ሁሉ ቆጥሮ አይጨርስም። "ዘሩን እንዳትነኩብኝ። ችግር ቢጠና በጎቹን ሽጥ፤ ጥማዱን ግን አታፍርሰው። የቀረውን አንተ ታውቃለህ" ብሎ ይሄዳል። ከሁሉ የሚበልጥበትን ለየ፣ ሊሠዋ የሚችለውን ጠቆመ፣ ያልታሰበው ሲመጣ የሚወስነውን ሰው በስሙ ጠራ። ወንድሙ ከዚያ በኋላ ያልተነገረው ችግር ቢገጥመው እንኳ ከምን ተነሥቶ እንደሚወስን ያውቃል።

የሕክምና አደራም እንደዚሁ ነው። ለአንዱ አረጋዊ ዘሩ ልጆቹን ለይቶ ማወቁ ነው፤ እግሩ ባይሄድ፣ ዓይኑ ባያይ ግድ የለውም። ለሌላይቱ ዘሩ ቆርቦ በገዛ ቤት መሞት ነው፤ ለዚያ ስትል አንድ ወር ዕድሜ ብትሠዋ አይቆጫትም። ሦስተኛው ደግሞ "እስትንፋሴ እስካለች ታገሉልኝ" ሊል ይችላል፤ ይህም ሙሉ አደራ ነው። አደራ ሕክምናን መተው ብቻ የሚመስላቸው ሰዎች ብዙ ስለሆኑ ይህን ደግሜ መናገር እወዳለሁ። ሁሉ ይደረግልኝ ማለትም ቃል ነው፤ መከበርም አለበት።

የምኒልክ አልጋ

አንደበቱ የታሰረ ሰው በስሙ የሚናገርለት ሲበዛ ምን እንደሚሆን የኢትዮጵያ ታሪክ በአደባባይ አሳይቶናል። ዳግማዊ ምኒልክ ሕመሙ ሲደጋገምባቸው በግንቦት 1901 ዓ.ም የልጅ ልጃቸው ልጅ ኢያሱ እንዲወርሷቸው በአዋጅ አስነገሩ፤ ራስ ተሰማ ናደውንም ሞግዚት አደረጉላቸው። በጥቅምት 1902 ዓ.ም ግን ከባድ ስትሮክ መታቸውና ሰውነታቸውም አንደበታቸውም ተያዘ። ከዚያ በኋላ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም እስኪያርፉ ድረስ ከአራት ዓመት በላይ አልጋ ላይ ቆዩ።

በነዚያ የመጀመሪያ ወራት ከአልጋው አጠገብ የነበሩት እቴጌ ጣይቱ ብጡል ናቸው፤ የስሜኑ ገዥ የደጃዝማች ውቤ የወንድም ልጅ። ትእዛዝ በንጉሠ ነገሥቱ ስም ይወጣ ነበር። ይህ የባልየው ፈቃድ ነው ወይስ የሚስቲቱ? መኳንንቱ ለዚህ ጥያቄ የራሳቸውን መልስ ሰጡና በመጋቢት 1902 ዓ.ም እቴጌይቱን ከመንግሥት ሥራ አግልለው ባላቸውን እንዲያስታምሙ ተዉአቸው። ምኒልክ ሲያርፉም ሞታቸው ለሕዝቡ በይፋ ሳይነገር ቆየ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ እኔን የሚይዘኝ ነገር አዋጁ ነው። ስለ ዙፋኑ ቁርጥ ያለ ቃል አለበት፤ ወራሹ ማን እንደሆነ፣ ሞግዚቱ ማን እንደሆነ ይናገራል። አልጋ ላይ ስላለው ሰው ግን አይናገርም። ዛሬም በየቤታችን የምናደርገው ይኸንኑ ነው። የመሬቱ፣ የቤቱ፣ የከብቱ ነገር ይነገራል፤ በመውደቅና በመሞት መካከል ያለው ጊዜ ግን ባለቤት የለውም። ያ ጊዜ ደግሞ እንደ ንጉሡ ዓመታት ሊፈጅ ይችላል።

ሕጉ ምን ይዟል?

በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 20 ማንኛውም ሰው በማንኛውም ጊዜ የሕክምና ምርመራን ወይም ሕክምናን እንቢ ማለት እንደሚችል ይደነግጋል። ልቡናው በእጁ ያለ አረጋዊ "ቀዶ ጥገናው ይቅርብኝ" ቢል ሕጉ ከእርሱ ጋር ነው ማለት ነው። ይኸው ሕግ ሦስት ዓይነት ኑዛዜ ያውቃል። አንደኛው በአራት ምስክሮች ፊት ተነቦ የሚፈረም ነው፤ ሁለተኛውን ተናዛዡ በገዛ እጁ ይጽፈዋል፤ ሦስተኛው ሞት የቀረበው ሰው ለሁለት ምስክሮች የሚናገረው የቃል ኑዛዜ ነው። የቃል ኑዛዜ የተፈቀደው ለጥቂት ነገር ብቻ ነው፤ ለቀብር ሥርዓት፣ እያንዳንዱ ከ500 ብር ለማይበልጥ ስጦታ፣ ላልደረሱ ልጆች ሞግዚት። ተናዛዡ ተሽሎት ሦስት ወር ከኖረም ቃሉ ይፈርሳል።

ከሦስቱ አንዱም ስለ ሕክምና የተዘጋጀ አይደለም፤ ኑዛዜ ሥራውን የሚጀምረው ከሞት በኋላ ነውና። "ልጄን ወክያለሁ" የሚሉ ወላጆችም ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር አለ። በዚሁ ሕግ መሠረት ሌላ ስምምነት ከሌለ በስተቀር ውክልና ወካዩ ችሎታ ሲያጣ ይቋረጣል። እናትየው በደህናው ቀን ቤት እንዲያከራይ የሰጡት የውክልና ወረቀት እርሳቸው ራሳቸውን በሳቱ ጊዜ በልጁ እጅ ሥራውን ሊያቆም ይችላል።

ስለዚህ የሕክምና አደራ ዛሬ በእኛ ዘንድ ጉልበቱ ከማኅተም ይልቅ ከምስክር ይመጣል። ይህን አሳንሶ ማየት አይገባም። በአሜሪካ ናንሲ ክሩዛን የተባለች ወጣት እ.ኤ.አ. በ1983 በመኪና አደጋ ራሷን ስታ በምግብ ቱቦ ብቻ ዓመታት ቆየች። ወላጆቿ ቱቦው እንዲወጣ ሲጠይቁ ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1990 ክፍለ ግዛቱ የራሷን ፍላጎት የሚያሳይ ግልጽና አሳማኝ ማስረጃ መጠየቅ ይችላል ሲል ወሰነ። የተጻፈ ነገር አልነበረም። በመጨረሻ ነገሩን የቆረጡት ጓደኞቿ ናቸው፤ ደህና ሳለች በጨዋታ መሐል እንዲህ ሆኜ መኖር አልሻም ስትል የሰሙትን መሰከሩ። ቱቦው ወጣ፤ በታኅሣሥ ወር ዐረፈች። በዚያው ዓመት በወጣ የፌዴራል ሕግ ምክንያት ዛሬ አሜሪካ ሆስፒታል የሚተኙ አዋቂ ኢትዮጵያውያን እንዲህ ያለ አደራ እንዳላቸው ይጠየቃሉ።

ሕንድ ደግሞ ሌላ ነገር ታስተምረናለች። ጠቅላይ ፍርድ ቤቷ እ.ኤ.አ. በ2018 የሕክምና አደራን ፈቀደ፤ ሆኖም ዳኛ ካልፈረመበት አይጸናም የሚል ሥርዓት አብሮ ስላወጣ በተግባር የማይሞከር ሆነ። በ2023 ፍርድ ቤቱ ራሱ ሥርዓቱን አቃለለው። አገራችን ወደፊት ሕግ ስታወጣ የድብ ባሕር እናት ደባርቅ ወይም ጎንደር ድረስ ዳኛ ፍለጋ እንዳትንከራተት አደራ እላለሁ።

አንድ ወሰን ግን ሳይምታታ ይቀመጥ። በሽተኛውን የማይጠቅም ሕክምና አለመጀመር ወይም ማቆም አንድ ነገር ነው፤ ሰውን መግደል ሌላ ነው። በ1996 ዓ.ም የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 542 ሰው ራሱን እንዲገድል መገፋፋትንና መርዳትን ይቀጣል፤ "እርሱ ለምኖኝ ነው" ማለትም ገዳይን ነጻ አያወጣም። የሕክምና አደራ ወደዚያ አይደርስም።

መሣሪያዎቹ ለማን ይሠራሉ?

ቃል የሚሰጥ ሰው ስለምን ቃል እንደሚሰጥ ማወቅ አለበትና ሐኪሙ የጠየቃቸውን ሦስት ነገሮች እንያቸው።

ደረትን ተጭኖ የቆመ ልብን ማስነሣት እ.ኤ.አ. ከ1960 ወዲህ የተስፋፋ ጥበብ ነው። ፊልም ላይ የተጫኑት ሁሉ ሲነሡ እናያለን። በአሜሪካ ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ በሆኑ የሆስፒታል ሕሙማን ላይ የተደረገ ሰፊ ጥናት እንዳሳየው ግን ልባቸው ቆሞ ከተሞከረላቸው 100 ሰዎች በሕይወት ከሆስፒታል የወጡት 18 ያህሉ ናቸው። ያውም መሣሪያው በተሟላበት አገር። የአረጋውያን አጥንት ስስ ስለሆነ የጎድን አጥንት ብዙ ጊዜ ይሰበራል።

የምግብ ቱቦ ስትሮክ ለመታውና ሊሻለው ለሚችል ሰው በእርግጥ ይጠቅማል፤ መዋጥ እስኪመለስ ያሰነብተዋል። የመርሳት ሕመሙ ወደ መጨረሻው ደረጃ ለደረሰ አረጋዊ ግን ዕድሜ እንደማይጨምር ተደጋግሞ ታይቷል፤ የአሜሪካ የአረጋውያን ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው መግለጫ በእጅ በቀስታ ማጉረስን ይመክራል። አጥሚት በማንኪያ ጠብ እያደረገች እናቷን የምታጎርስ ልጅ ስታደርገው የኖረችው ነገር ትልቅ ሕክምና ነው። ይህን የሚነግራት ሰው ማጣቷ ያሳዝነኛል።

መተንፈሻ መሣሪያው ላይ ብዙ መነጋገር ይቻላል። ለሳንባ ምች፣ ለመመረዝ፣ ከቀዶ ጥገና ለሚያገግም ሰው ሕይወት አድን ነው። አስቸጋሪው ይሻላቸው አይሻላቸው የማይታወቁት ናቸው። ለእነርሱ ሐኪሞች የጊዜ ገደብ ያለው ሙከራ የሚሉት መንገድ አለ። "አምስት ቀን እንሞክር፤ በአምስተኛው ቀን ዓይናቸውን ካልገለጡ፣ ሰው ካላወቁ፣ ተሰብስበን እንመካከራለን" ይባላል። አሜሪካ ያለው ልጅ እናቱ ያለ ሙከራ አልተተዉም፤ አጎትየውም እህታቸው ማብቂያ በሌለው ሥቃይ አልታሰሩም። ከአራቱ ዘመዶች ጥል ብዙው በዚህ በአንዱ ስምምነት ሊበርድ ይችል ነበር።

"አገሯ ትግባ" ማለትም መተው መሆን የለበትም። በጎንደር በኩል ታማሚን ከሆስፒታል አውጥቶ ቤቱ ማስገባት የተለመደ ነው፤ የሚጎድለው ከበሽተኛው ጋር አብሮ የሚወጣ እንክብካቤ ነው። ሆስፒስ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በአዲስ አበባ በየቤቱ እየዞረ ሕመም የሚያስታግሰው ለዚህ ነው፤ የጤና ሚኒስቴርም እ.ኤ.አ. በ2016 የማስታገሻ ሕክምና መመሪያ አውጥቷል። ቤት የሚገባ በሽተኛ የሕመም ማስታገሻው ከነአሰጣጡ ተጽፎለት ይውጣ። ጎኑ እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ፣ ከንፈሩን በርጥብ ጥጥ ማራስ፣ ትንፋሹ ሲያጥር ትራሱን ከፍ ማድረግ ለአስታማሚዋ ከመውጣታቸው በፊት ነርሷ በእጇ ታሳያት። የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም ትወቀው።

ሟርት የሚባለው ወሬ

"ይህን ነገር ለወላጆቻችን እንዴት እንናገራለን? ሟርት አይሆንም ወይ?" ይሉኛል። እኔ ከማየው ግን ከወሬው የሚሸሹት ወላጆች አይደሉም። የመቃብር ቦታቸውን የሚያሳዩ አባቶች አሉ፤ የመገነዣቸውን ጨርቅ ገዝተው ከሣጥን ሥር የሚያኖሩ እናቶችም አሉ። አባትየው "እኔ እንግዲህ የሞትኩ እንደሆነ" ብለው ሲጀምሩ "ይተዉ አባባ፣ ሞትዎን ለጠላትዎ ያድርገው!" ብለን አፋቸውን የምንይዘው እኛ ልጆች ነን። ፍቅር ነው፤ ነገር ግን አደራ ሊሰጥ የመጣን ሰው ሳይሰሙ መመለስ ይሆናል።

ዳባት ላይ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ልደትና ሞት የሚመዘግብበት የጥናት ጣቢያ አለው። ሰው ሲሞት ጠያቂዎች ቤቱ ሄደው ሕመሙ መቼ ጀመረው፣ ትኩሳት ነበረው ወይ፣ የት ታከመ እያሉ ቤተሰቡን ይጠይቃሉ፤ ከመልሱም የሞቱ ምክንያት ይገመታል። ቤተሰቡ ሐዘን ላይ ሆኖ እንኳ በዝርዝር ይመልሳል። ስለ ሞት መነጋገር እንችላለን ማለት ነው። የሚቀረን ጥያቄውን ቀደም አድርጎ ለባለቤቱ ማቅረብ ነው።

ጊዜው ይመረጥ። አረጋዊው ታሞ ባገገመ ሰሞን፣ ወይም ከጎረቤት ቀብር መልስ፣ ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ነገሩ ራሱ ይነሣል። ልጅቱ እንዲህ ብትል ይበቃል፦ "አባባ፣ እግዜር ያቆይልን፤ ግን ድንገት መናገር ቢያቅትዎ ለሐኪሙ ማን ይናገርልዎ?" እርሳቸውም "ታናሽ እህትሽ ትናገር፤ አንቺ ሆደ ባሻ ነሽ፣ ታለቅሻለሽ" ሊሉ ይችላሉ። "ምን ቢሆን ነው እንግዲህስ በቃኝ የሚሉት?" "እናንተን ካወቅሁ፣ ቅዳሴ ተይዤም ቢሆን ከደረስኩ፣ እግሬ ባይሄድም ልኑር። ሰው ካላወቅሁ ግን በሽቦና በቧንቧ አታሰንብቱኝ። ካህኑ ይምጡልኝ።" ይህ ንግግር አንድ ሲኒ ቡና አይፈጅም፤ ለተረኛው ሐኪም ግን ከወፍራም የበሽተኛ ካርድ የበለጠ ይነግረዋል።

ከዚያ አንድ ገጽ ወረቀት ላይ ይጻፍ፤ የተናጋሪው ስም፣ እርሷ ባትገኝ የሚተካት፣ ከሁሉ የሚበልጠው ነገር፣ ቀኑ። ንስሐ አባቱ፣ የእድሩ ዳኛ፣ ሙስሊም ከሆነም ወሲያውን (ኑዛዜውን) የሚያውቁለት ሼህ ይስሙና ይፈርሙበት። ወረቀቱ ከጤና መድን ደብተሩ ጋር ይቀመጥ እንጂ ሣጥን ውስጥ አይቆለፍበት። በየዓመቱ፣ በተለይ አዲስ ሕመም ሲመጣ፣ እንደገና ይጠየቅ። ሰው ሐሳቡን ይለውጣል፤ በ70 ዓመቱ "እንዲህ ሆኖማ አልኖርም" ያለው ሰው በ80 ዓመቱ የልጅ ልጁን ድምፅ ለመስማት ብቻ መኖር ይወድዳል። የመጨረሻው ቃሉ ይጸናል።

ከሁሉ የሚዘነጋው ሩቅ ያለው ልጅ ነው። አዲስ አበባም ይሁን አሜሪካ፣ እናቱን ያየው ከብዙ ዓመት በፊት በደህናቸው ቀን ስለሆነ "ሁሉም ይደረግ" የሚለው እርሱ ነው። ቃሉን ከእህቱ ከሰማ ደክሟት ነው ብሎ ይጠረጥራል። ስለዚህ አደራው በሚሰጥበት ቀን ስልኩ በድምፅ ማጉያ ተከፍቶ መካከል ላይ ይቀመጥና እናቲቱ ራሳቸው ስሙን ጠርተው ይንገሩት። ያልገባውን እርሳቸውን ይጠይቅ፤ ማልቀስም ካለበት እየሰሙት ያልቅስ። ንግግሩ በስልክ ቢቀዳ ደግሞ ድብ ባሕር ያለችው ልጅ በዚያ ማታ ለሐኪሙም ለአጎቷም የምታሰማው የእናቷን ድምፅ ይሆናል።